ጨብሲን ማን ሐላል አደረገው?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



ስለ ኸምር ሐራምነት ለሙስሊም ማስረዳት «ለቀባሪው አረዱት» ይሆናል። እኔ የማነሳው ግን ኸምሩ የሚገባበትን በር ነው። እንደታዘብኩት ከሆነ ብዙው የከተማችን ሙስሊም ወጣት መጠጥ ቤት የሚደርሰው በመጠጥ ፍቅር አይደለም፤ በጫት በኩል ዞሮ ነው።

እርጥብ የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። ሳይንቲስቶች ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን ጠባዩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ የአወዳይ ጫት የጫነ መኪና እንደዚያ የሚከንፈውም ለዚሁ ነው። ቀትር ላይ በርጫ የተቀመጠ ሰው ማታ ዓይኑ አልከደን ይለዋል፣ ልቡ ይመታል። ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ወይም አረቄ ይፈልጋል። ይህ ነው ጨብሲ የሚባለው። በማግስቱ ድብርቱ ሲጫነው ሐራራው ወደ ጫቱ ይመልሰዋል። አንዱ ሲያነቃው ሌላው ሲያስተኛው ሱብሒ መሐል ላይ ታልፋለች።

ስለ ጫቱ ሑክም ዑለሞች መለያየት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ሒጅሪያ ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈውበታል። በሀገራችንም ሌሊቱን በዚክርና በኪታብ ለመግፋት ብለው የቃሙ አባቶች ነበሩ። እነሱ ግን ከበርጫው ተነስተው ወደ ግሮሰሪ አልሄዱም! በጫቱ እንከራከር፤ በጨብሲው ላይ ግን ምን ክርክር አለ?

አንዳንዱ ለእንቅልፍ ያህል እንደ መድኃኒት ነው የምወስደው ይላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኸምርን ለመድኃኒት ስለማዘጋጀት ተጠይቀው በሽታ እንጂ መድኃኒት አለመሆኑን ተናግረዋል። ሌላው ደግሞ ቢራ ኸምር አይደለም ባይ ነው። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ሚንበር ላይ ቆመው ኸምር የሚሠራባቸውን ሲዘረዝሩ ወይን፣ ቴምር፣ ማር፣ ስንዴና ገብስን ጠቅሰዋል። (ማርና ገብስ ሲባል ጠጅና ቢራ ትዝ የማይለው የአዲስ አበባ ሰው ካለ ይንገረኝ።) መዲና ውስጥ የእገዳው ዜና ሲሰማ አነስ ኢብን ማሊክ በአቡ ጦልሓ ቤት እየቀዳ ያስተናግድ የነበረው ከቴምር የተሠራ መጠጥ ነበር። እንግዶቹ የያዙትን እንኳ ልጨርስ አላሉም፤ መጠጡ በመንገዱ ላይ ፈሰሰ።

ይህ ግን በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም። ቁርኣን በመጀመሪያ የኸምር ኃጢአቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተናገረ፤ ቀጥሎ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብን ከለከለ፤ በመጨረሻም ፈጽሞ ዘጋው። እኔን የሚያስገርመኝ መካከለኛው ነው። ቀኑ በሶላቶች የተከፋፈለ በመሆኑ የመጠጫው ሰዓት ጠበበ፤ ሰው ገና ሳይከለከል ሰዓቱ ተወሰደበት።

በኛ ዘንድ ሰዓቱ የማን ነው? በብዙ መስጂዶቻችን ደርሱ ከሱብሒ በኋላ ወይም ከመግሪብ በኋላ ነው። ከዙህር እስከ መግሪብ ያለው የበርጫው ሰዓት ለመቃሚያ ቤቱ ተለቋል። የመስጂድ ኮሚቴዎች፣ ጀመዓዎች፣ ሀብታሞቻችን፦ ዐስርን ሰግዶ የወጣ ሥራ ፈት ወጣት ከመስጂዱ በር ላይ ቆሞ ወዴት ይሂድ?