ኔትዎርክ መማርና አደራ መቀበል

አንድ ልጃችን የኮምፒዩተር ኔትዎርክ ለማጥናት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በየቤታችን ቶሎ የሚነሣው ጥያቄ «ሥራ ያስገኛል ወይ?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሌሊት ታክሲ እየነዳ ወይም በአውሮፕላን ማረፊያው ሁለት ፈረቃ እየሠራ ልጁን ከአውሮራ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አንሥቶ ዴንቨር መሐል እስካለው የኦራሪያ ግቢ ያደረሰ ወላጅ ስለ እንጀራ ቢጠይቅ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ይሁን እንጂ ከዚሁ ጋር ሊጠየቅ የሚገባው፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚዘነጋ ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም ይህን ሙያ የሚማር ሰው ከሌላው ሰው ምን ይቀበላል? የሚለው ነው።

በእኔ አስተያየት የሚቀበለው አደራ ነው።

አደራ ምን እንደ ሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ከዴንቨር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መኖሩ ከተሰማ የሻንጣው ግማሽ የሌላ ሰው ዕቃ ነው፤ ለእናት መድኃኒት፣ ለእኅት ልጅ ጫማ፣ በፖስታ የታሸገ ገንዘብ። ተጓዡ ፖስታውን አይከፍትም፤ መንገድ ላይ አይጥልም፤ «ለዚህኛው አላደርስም» ብሎ አያስቀርም። ከእነዚህ አንዱን ቢያደርግ «አደራ በላ» ይባላል። ይህ ስም በእኛ ዘንድ ከሌባ ስም የከፋ ነው፤ አደራ በላ የሚጎዳው ያመነውን ሰው ነውና።

ኔትዎርክም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ቪንት ሰርፍና ሮበርት ካን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ የተወጠነውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓት፣ መልእክቱን ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ጥቅሎች ከፋፍሎ ይልካል። በየመንገዱ ያለው ራውተር ጥቅሉን ለማሳለፍ የሚያስፈልገው በላዩ የተጻፈው አድራሻ ነው፤ አድራሻውን አይቶ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ተማሪው ይህን እንደ ቴክኒክ ይማረዋል። ነገሩ ግን ከጥንት የምናውቀው የታማኝ መልእክተኛ ጠባይ ነው።

የአደራውን ክብደት ለማወቅ ከከተማችን መራቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 2018 እዚሁ ዴንቨር በሚገኝ የሴንቸሪሊንክ ኩባንያ የመገናኛ ጣቢያ አንድ መሣሪያ አራት የተበላሹ ፓኬቶች ለቀቀ። እነርሱም ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ማለቂያ በሌለው ሁኔታ እየተላለፉ መስመሩን አጨናነቁት፤ ችግሩም 37 ሰዓት ያህል ቆየ። የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን በ2019 ባወጣው ዘገባ መሠረት ወደ 911 ከተደወሉት ጥሪዎች ቢያንስ 886ቱ ሳይደርሱ ቀርተዋል። ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ኩባንያው የማይጠቀምበት የመሣሪያ አሠራር ሳይዘጋ ተትቶ እንደ ነበር ያው ዘገባ ገልጿል። ቸልተኝነትም፣ ሳይታሰብ፣ አደራ ይበላል።

ከዚህ የሚከብደው መስመሩ ደኅና ሳለ በትእዛዝ ሲዘጋ ነው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ጁን 30 ቀን 2020፣ በመላ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ጦርነቱ ሲጀመር የትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ቦታም ሁለት ዓመት ያህል ዘለቀ። በኦገስት 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት አለፉ። በአውሮራና በዴንቨር ያለን ሰዎች፣ የየትኛውም ወገን ብንሆን፣ እናት በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቁ ማደር ምን እንደ ሆነ በየተራ ቀምሰነዋል። በየጊዜው ማን አዘዘ፣ ማን ቆረጠ የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሣም። ጥያቄዬ ታዞ እጁን ስለሚዘረጋው ባለሙያ ነው።

ባለሙያው «የታዘዝሁትን ፈጸምሁ፤ መልእክተኛ አይከሰስም» ይል ይሆናል። ክርክሩ ክብደት አለው። እምቢ ቢል ከሥራ ይባረራል፤ ምናልባትም ይታሰራል፤ በእርሱም ፋንታ ሌላ ይተካል። ሃቫና ጎዳና ላይ ቡና እየጠጡ በእርሱ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። «መስመሩ ባይዘጋ የጥላቻ ቅስቀሳ ሰው ያስገድል ነበር» የሚሉም አሉ፤ ቅስቀሳ ሰው እንደሚያስገድል ደግሞ አይተናል። ሆኖም መልእክተኛ አይከሰስም የሚባለው መልእክቱን ስላደረሰ ነው። ክፉ ወሬ ይዞ ቢመጣም ወሬው የእርሱ አይደለም። ደብዳቤውን ወንዝ የጣለ መልእክተኛ ግን በዚህ ቃል ሊከለል አይችልም። አንድ መርዘኛ ደብዳቤ አለበት ብሎ ከረጢቱን በሙሉ የጣለማ፣ ሐኪም የሚጠራውንና መርዶ የሚያረዳውን ደብዳቤ አብሮ ጥሏል። ትእዛዝ ጥፋቱን ያቀልለታል እንጂ አያጠፋለትም።

እንግዲህ እዚህ ለሚማሩት ልጆቻችን ይህ ምን ይነግራቸዋል? እዚህ እምቢ ማለት የሚያስከፍለው ዋጋ እዚያ ካለው ያነሰ ነው። ስለዚህ ከእነርሱ የሚጠበቀው ይበልጣል። ፈተናው ደግሞ አገር በመዝጋት አይጀምርም። አለቃው የአንዱን ሠራተኛ ደብዳቤ በምስጢር እንዲያሳየው ይጠይቀዋል። የሠፈር ሰው፣ ያውም ልጁን ከሕፃንነቱ የሚያውቅ ጋሼ፣ «አንተ እኮ ተምረሃል፤ የባለቤቴን ስልክ ተከታተልልኝ» ይለዋል። «ይቅርታ ጋሼ፣ ይህን አላደርግም» ማለት በእኛ ባህል ለአንድ ወጣት ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ታላላቆች ይህን መልስ በሰማን ጊዜ ልጁን ባለጌ ልንለው አይገባም፤ ልናከብረው ይገባል።

በትንሹ እምቢ ማለት ያልለመደ ባለሙያ፣ አንድ ቀን ትልቁ ትእዛዝ ቢመጣ ከየት አምጥቶ እምቢ ይላል? ስለዚህ ልጃችን የምረቃ ልብሱን ለብሶ ሲመጣ ደሞዙን ከመጠየቃችን ጋር፣ የሰው አደራ እጁ መግባቱንም እንንገረው።