ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት



ዛሬ ከአንድ ጥያቄ እንነሳ። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ምን ያህል ይርቃል? በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስንት ሰዓት ይፈጃል? እዚህ ላይ መልሱ ሁለት ነው። ከዋሽንግተን ሲመጣ አውሮፕላኑ ሳያርፍ 13 ሰዓት ገደማ ይበራል። ከአዲስ አበባ ሲሄድ ግን ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ስለሚሞላ ከ15 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብዳል። በዚያ ላይ ከምዕራብ የሚነፍሰው የሰማይ ነፋስ መጪውን ያግዛል፣ ሂያጁን ይጋፋል።

አያችሁ? ርቀቱ አንድ ነው። ሰዓቱን የለወጠው የአነሳሱ ቦታ፣ ሸክሙና ነፋሱ ነው።

በዘመዳሞች መካከል ያለው ርቀትስ? እውነቱን ልንገራችሁ። አክስቴ በታክሲ 40 ደቂቃ በማይሞላ ሰፈር ነበር የምትኖረው። «በሚቀጥለው ጁሙዓ እሄዳለሁ» እያልኩ ዓመት አለፈ። የደረስኩት ለጀናዛዋ ነው። አሜሪካ ያለችው ልጇ ግን በየሳምንቱ ትደውልላት ነበር። ታዲያ ከሁለታችን ሩቅ የነበረው ማን ነው?

«እኔ ግን በእርግጥም ሩቅ ነኝ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ርቀት ዑዝር ነው። ግን ምን ያህል? ሸሪዓችን ለሙሳፊር ያደረገውን ተመልከቱ። ባለ አራት ረከዓው ሶላት ሁለት ይሆንለታል። የረመዳንን ጾም አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ ያወጣል። ልብ በሉ፦ አራቱ ሁለት ሆነ እንጂ አልተሰረዘም። ሱብሒና መግሪብማ ጭራሽ አላጠሩም። ጉዞ ግዴታን ያቀላል፣ አያነሳም።

ሲለቱ ረሒምንም በዚሁ አስቡት። ባሕር ማዶ ያለ ልጅ የታመመች እናቱን ማስታመም፣ ውሃ ማቀበል ላይችል ይችላል። አላህም ከአቅም በላይ አያስገድድም። መደወል፣ ማዳመጥ፣ ዱዓ ማድረግ ግን ይችላል። ብር መላክ መልካም ነው፤ ድምፅን ግን አይተካም። በአንድ ከተማ ያለን ደግሞ ሙሳፊር አይደለንም፤ ምን ብለን እናሳጥራለን?

ዛሬ ከጁሙዓ ስትወጡ ዋሽንግተን ላይ ገና ማለዳ ነው። እዚያ ያላችሁ ሱብሒ ሰግዳችሁ ስትቀመጡ፣ እዚህ እናት ነቅታ ስልኳን እያየች ነው። ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ለአንድ ሰው ደውሉ። ቅርብ ከሆነ ደግሞ ሂዱ።

ያ አላህ! ዝምድናን ከሚቀጥሉት አድርገን፤ የራቁብንን አቅርብልን፣ የቀደሙንን ማርልን። አሚን።