የገደል ማሚቶና ተቀባይ

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ተቆርጦ በሚወርድበት ወገን ያደገ ሰው በልጅነቱ የገደል ማሚቶን ሳይጣራ አይቀርም። እረኛው ከአፋፉ ላይ ቆሞ ስሙን ይጠራል፤ ገደሉም ያንኑ ስም ይመልስለታል። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የማዶው ገደል 170 ሜትር ቢርቅ መልሱ ከአንድ ሴኮንድ በኋላ ይደርሳል። ልጁ ይስቃል፤ ደግሞም ይጣራል። ይሁን እንጂ ገደሉ ልጁ ካለው ሌላ አንዲት ቃል ጨምሮ ነግሮት አያውቅም።

ይህን ያስታወሰኝ በደጎሎ ከተማ ያጋጠመኝ አንድ ጭውውት ነው። አንድ ወጣት መምህር አሮጌ አናሎግ ሲንተሳይዘርና በእግር የሚረገጡ ሁለት የድምፅ መለወጫ ፔዳሎች አሉት። በእነዚህ ብቻውን ያቀናበረውን ሙዚቃ ለጥቂቶቻችን አሰማን። ምት የለውም፤ ግጥምም የለውም። አንድ የአምባሰል ሐረግ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ይዘረጋል፤ በራሱ ላይ እየተደራረበም እንደ ጉም ክፍሉን ይሞላል። ከአድማጮቹ መካከል በወጣትነታቸው መንዙማ ያወርዱ የነበሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣

«ያምራል። ግን ተቀባዩ የታለ ልጄ?» አሉት።

«ተቀባዩ መሣሪያው ነው አባባ። ያልኩትን እየደጋገመ ይመልስልኛል።»

«እሱማ የገደል ማሚቶ ነው» አሉ አዛውንቱ።

ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄው ግን ከሳቁ በኋላ አብሮኝ ቀረ። ከራስ ድምፅ በቀር ሌላ መልስ በሌለበት የሚሠራ ኪነ ጥበብ ግብረ ገባዊ ዋጋው ምንድን ነው?

ከመፍረድ በፊት መሣሪያውን ማወቅ ይገባል። አናሎግ ሲንተሳይዘር የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያመነጭ፣ ከዚያም ሞገዱን የሚያጣራና የሚያጎላ መሣሪያ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ሞግ የመጀመሪያውን ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1964 አስተዋወቀ። ድምፅ ደጋሚው መሣሪያ ደግሞ በጥንት አሠራሩ ከማግኔት ክር የተለየ አልነበረም። አንዱ ራስ ድምፁን በክሩ ላይ ይቀዳል፤ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው ሁለተኛው ራስ ያነበዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትም የመዘግየቱን ልክ ይወስናል። እንግዲህ በሣጥን የታሸገ ገደል ነው ለማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ በእነዚህ ዓይነት ስልቶች ተጠቅሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ለአውሮፕላን ማረፊያ የታሰበ ሙዚቃ ሲያሳትም፣ ለዘርፉ አምቢየንት የሚል ስም ሰጠው። የዚህ ሙዚቃ ዓላማ አድማጭን ማስገደድ ሳይሆን እንደ ብርሃንና እንደ አየር በዙሪያው መገኘት ነው።

አንዳንድ ወገኖች ነገሩን ባዕድና ሰው ሠራሽ ነው ብለው በአንድ ቃል ይዘጉታል። ይህ አቋም ከራሳችን ታሪክ ጋር ይጋጫል። የበገና አሥር አውታሮች ያንን የሚያንዘረዝር ድምፅ የሚያገኙት በድልድዩ ላይ ከየአውታሩ ሥር በምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዚራ አማካይነት ነው። እንዚራዋ ብትወጣ በገናው ይደኸያል። የአውታሩን ድምፅ ሆን ብሎ መለወጥ ሐሰት ከሆነ፣ በዐቢይ ጾም የምናደምጠው ዜማ ሁሉ ሐሰት ሊሆን ነው። ብቸኝነትም ቢሆን ወንጀል አይደለም። በገና ደርዳሪው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ ነገር ግን ለራሱ አይናገርም፤ ከእርሱ በላይ ላለ ሰሚ ይናገራል።

ስለዚህ ጥያቄው በእጅና በመሣሪያ፣ በአንድ ሰውና በብዙ ሰው መካከል የሚቆም አይደለም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ከእኛው የሙዚቃ ታሪክ ጋር የተሣሠረ አንድ ሰው አለ። ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ ወደ ዛር ሥርዓት ገባ፤ የሴቶቹን ድምፅ ከቀዳ በኋላ በስቱዲዮ ውስጥ እያስተጋባና እያጣራ፣ ቃሉ ጠፍቶ ንዝረቱ ብቻ እስኪቀር ድረስ ለወጠው። በዓለም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ከቀዳሚዎቹ ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲው ሲያስተምር፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ክራርን፣ ማሲንቆን፣ በገናን፣ ዋሽንትንና ከበሮን በየአካባቢያቸው ተለያይተው ከኖሩበት አውጥቶ በአንድ መድረክ ላይ እርስ በርሳቸው እንዲደማመጡ አደረገ። ብቻውን ከመሣሪያ ጋር መቀመጥን የሚያውቅ ሰው ተቀባዮችን መሰብሰብንም ያውቅ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ይቀርበናል። የዋሊያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ ከዚያው ቀረ። በ1985 በዋሺንግተን ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ፣ በወጣትነቱ የለመደውን አኮርዲዮን ከሞግ ሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ከበሮ ጋር አዋሕዶ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዳ። ቀድሞ ብዙ ሰዎች ይሠሩት የነበረውን ሥራ አንድ ሰው ሠራው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት በመኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቱ ዳግመኛ ሲታተም ግን ከሩቅ አገር ሰሚ ተገኘ። በ2018 ባወጣው «ላላ በሉ» በተባለው አልበም ባስና ድራም የሚጫወቱ ሁለት አውስትራሊያውያን አጅበውታል። ያን ጊዜ በመሣሪያ የሞላው ቦታ ባዶ ወንበር ነበረ። ወንበሩን አላነሣውም፤ የሚቀመጥበት ሰው እስኪመጣ ጠበቀው።

እዚህ ላይ የአዛውንቱን ጥያቄ እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ተቀባይ ማለት ደጋሚ ማለት አይደለም። በወሎ መንዙማ ተቀባዩ የአውራጁን ቃል ሲቀበል በራሱ ትንፋሽ፣ በራሱ እምነት ይቀበላል፤ ሲሞቀው ያፋጥናል፤ ሲመሰጥ ያዘገያል፤ አውራጁም ይከተለዋል። በአዝማሪ ቤት ደግሞ ሥልጣኑ ጨርሶ ይገለበጣል፤ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ ባለ ማሲንቆው ራሱ ተቀባይ ይሆናል። በተቀባይና በገደል ማሚቶ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ተቀባይ እንቢ ሊል ይችላል።

ይህም በመሣሪያ ላይ ብቻ የሚፈርድ አይደለም። ታላላቆቻችን እንደሚያስታውሱት በ1970ዎቹ ዓ.ም. በየቀበሌው የኪነት ቡድኖች ነበሩ። ብዙ ወጣት ሙያውን የቀሰመው በእነርሱ ነውና ውለታቸው አይካድም። ነገር ግን የመዝሙሩ ግጥም ከላይ ተጽፎ ሲወርድና መቶ ጉሮሮ ያንኑ ሲመልስ፣ ከመቶው አንዱ እንኳ ሌላ ሊል ካልቻለ፣ መድረኩ በሰው ቢሞላም የነበረው ገደል ነው። አንድ ወጣት በፔዳል የራሱን ድምፅ ቢደጋግም የሚያታልለው ቢበዛ ራሱን ነው፤ ሰዎችን ፔዳል ያደረገ ግን ሕዝብ መለሰልኝ ብሎ ያምናል።

የባህል ሥራ የምንመራ፣ የምናስተምርና የምንጽፍ ሰዎች ከዚህ የምንወስደው ተግባራዊ ቁም ነገር አለ። አንድ ኪቦርድ ስለተገዛ ማሲንቆ መቺውና ከበሮ መቺው አያስፈልጉም የሚል ሒሳብ ገንዘብ ያድን ይሆናል፤ የሚያጠፋው ግን እንቢ የማለት መብት ያለውን መላሽ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ወጣቱን መሣሪያህን ጣል ማለት ከገደል ማሚቶ የባሰ ድንቁርና ነው።

ከደጎሎ ከመመለሴ በፊት መምህሩ ሥራውን እንደገና አሰማን። በዚህ ጊዜ በመካከሉ ረዘም ያለ ዝምታ ትቶበት ነበር። አዛውንቱ በዝምታው ውስጥ ጉሮሯቸውን ጠርገው አንዲት ሐረግ በቀስታ አወረዱ። የልጁ እግር በፔዳሉ ላይ ነበር፤ አልረገጠውም። እጁን ወደ ኪቦርዱ ሰደደና፣ ሐረጓን ባላወቀው መንገድ ተከትሎ፣ ተቀበላቸው።