‹‹ይሰማል›› ሲላላና ሲጠብቅ

መቼም ሬዲዮ ከፍቶ ወይም ጋዜጣ ዘርግቶ ‹‹ኤዲያ! ይኼ ደግሞ የምን አማርኛ ነው?›› ብሎ የማያውቅ ሰው አይገኝም። ‹‹ሕፃናቶች››፣ ‹‹መምህራኖች››፣ ‹‹ቃላቶች›› ሲባል ጆሯችንን ይጎረብጠናል፤ ሕፃናት፣ መምህራን፣ ቃላት ያለማንም እርዳታ ብዙ ናቸውና። ስለ ችግረኛ ኑሮ ሊጽፍ ተነሥቶ ‹‹ድህነት›› በማለት ፈንታ ‹‹ድኅነት›› ብሎ የሚያትም፣ ሳያስበው አገር ከነፍስ መዳን እንድትላቀቅ የሚመክር ጸሐፊም አለ። ‹‹ሥራው እየተሠራ ነው›› ብሎ መገላገል ሲቻል ‹‹ሥራው እየተሠራ ያለበት ሁኔታ ነው ያለው›› የሚለውን የመግለጫ አማርኛማ ከልምዳችን ብዛት መቁጠር ትተናል።

ብስጭቱ የጋራችን ነው። ያልመረመርነው የብስጭቱን ሥነ ምግባር ነው። ለመሆኑ የሌላውን ሰው አማርኛ ስናርም ምን እያደረግን ነው? ቋንቋውን እየጠበቅን ነው ወይስ ራሳችንን ከፍ ያለ ወንበር ላይ እያስቀመጥን? ሁለቱ በአንድ ፊት ስለሚመጡ መለየቱ ይቸግራል። እኔ ግን አንድ ቀላል መለኪያ አለ እላለሁ፤ የስሕተቱን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው? ብሎ መጠየቅ ነው።

ከፊደል እንጀምር። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ሞክሼዎች ናቸው። በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ ስለዚህም ‹‹ሰአሊ ለነ›› ለምኝልን ሲሆን፣ ‹‹ሠዐሊ ለነ›› ተብሎ ቢጻፍ ሥዕል ሣይልን ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪው አፍ ግን ይህን ልዩነት ከተወው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ልብ እንበል! ዛሬ ‹‹ሐመሩ ሐ ነው፤ የለም፣ ሀሌታው ሀ ነው›› እየተባባልን የምንጣላባቸው ፊደላት ሞክሼ የሆኑት፣ አያቶቻችን ድምፃቸውን ለይተው ማውጣት ስለተዉ ነው። በጥንታዊ የግእዝ መምህር ጆሮ ቢለኩ እነርሱም አበላሽተዋል። ስለዚህ ‹‹ፀሐይ››ን በጸሎቱ ጸ የጻፈ ሰው ቢታረም መልካም ነው፤ ቢዋረድ ግን ግፍ ነው። አንባቢው ፀሐይዋን አላጣትም። ድኅነትን ከድህነት ያምታታው ግን አንባቢውን መንገድ ላይ አስቁሞ ‹‹ምን ማለቱ ነው?›› አሰኝቶታል። ትንሽም ብትሆን ዕዳዋ በአንባቢው ላይ ወድቃለች።

እርማት ከዚህ አልፎ ወደ ክፋት ሊሻገር እንደሚችል ከመጽሐፍ ቅዱስ የበለጠ ምስክር አያሻም። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 እንደተተረከው፣ የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ ‹‹ሺቦሌት በል›› ይሉት ነበር። የኤፍሬም ሰው ‹‹ሲቦሌት›› ይላል፤ ሺን ማለት አይችልማ። በዚህች አንዲት ድምፅ የታወቁ 42 ሺህ ሰዎች እንደተገደሉ ተጽፏል። ቃሉ ለማንም ሳይገባው ቀርቶ አልነበረም። የተፈለገው መግባባት ሳይሆን መለየት ነበር። ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት አገራችን፣ አማርኛን በትምህርት ቤት ወይም በገበያ የተማረ ሰው ‹‹እሱ››ን እና ‹‹እሷ››ን ቢያምታታ፣ የገጠር ሰው ‹‹ከቤት›› በማለት ፈንታ ‹‹ኸቤት›› ቢል፣ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሰማው ሣቅ የዚያ የዮርዳኖስ መሻገሪያ የሩቅ ዘመድ ነው። ‹‹ኸቤት›› ስሕተት እንኳ አይደለም፤ የአገር አነጋገር ነው።

እስከዚህ ድረስ ለይቅርታ ተከራከርሁ። አሁን ይቅርታ ወደማይገባው ልለፍ።

መሸንቲ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው አስፋልት ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። በዙሪያዋ በቆሎና ዳጉሳ፣ ጤፍም የሚያርስ ገበሬ አለ። ይህ ሰው ዜናን የሚያገኘው በአብዛኛው በጆሮው ነው። የነጠፈውን ቃል መልሶ አያነበውም፤ አልፎት ሄዷል። ‹‹ምን አልህ?›› ብሎ አንባቢውን አይጠይቀውም፤ ሬዲዮ አይመልስምና።

እንግዲህ የአማርኛ ፊደል መጥበቅንና መላላትን እንደማያሳይ እናውቃለን። ‹‹ዋና›› ላልቶ በጣና ዳር ያሉ ልጆች የሚያውቁት ነው፤ ጠብቆ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ይሆናል። ‹‹ገና›› ላልቶ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ጠብቆ በዓል ነው። እነዚህ ያሥቁ እንደሆነ እንጂ አይጎዱም። ‹‹ሊቀ መንበሩ ነገ ይጠራል›› የሚለው ግን ይለያል። ሲላላ ጠሪው ሊቀ መንበሩ ነው፤ ሲጠብቅ ተጠሪው እርሱ ነው። በመጀመሪያው ሕዝብ ይሰለፋል፤ በሁለተኛው ሊቀ መንበሩ ይጠየቃል። አድራጊና ተደራጊ፣ በይና ተበይ፣ መቺና ተመቺ የሚለዩት በድምፅ ጥብቀት ነው፤ ወረቀቱም አይናገረውም።

ታዲያ ዜና አንባቢው በምን ያውቀዋል? በመረዳት ነዋ! አንባቢው አስቀድሞ ጽሑፉን አይቶ፣ ማን ምን እንዳደረገ ገብቶት ካልሆነ በቀር በትክክል ሊያነበው አይችልም። በአማርኛ የቃል አጠባበቅ የአፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የማስተዋል ማስረጃ ነው። የቤተ ክህነት ንባብ ቤት ልጁን ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እያለ የሚያደክመው ለዚህ ይመስለኛል። ፊደል መቁጠርና ማንበብ ሁለት መሆናቸውን ያውቃል። የቅኔ ሰው ሆን ብሎ ቃሉን አላልቶና አጥብቆ ሁለት ትርጉም ያወጣለታል፤ ሰሙንም ወርቁንም ያውቃቸዋል። ሳያነብ ማይክራፎን ፊት የሚቀመጠው ግን አንዱንም ሳያውቅ ሁለቱን ይበትናል። መልቀሙ ለመሸንቲው ገበሬ ይቀራል። በደል የምለው ይህን ነው።

ከዚሁ ከጎጃም የወጡት ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁ ይህን ዕዳ ወደ ራሳቸው ወስደውት ነበር። የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል ይሟገቱ የነበሩት ሀዲስ፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› በሚጠብቁ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አስቀምጠዋል። ልማዱ አልተከተላቸውም፤ ዛሬም ነጥቡን የሚጠቀም እምብዛም ነው። ሐሳቡ ግን ሊያልፈን አይገባም። ያን በሚያህል መጽሐፍ ላይ በየቃሉ ነጥብ መልቀም አድካሚ ሥራ ነው፤ ደራሲው ግን አንባቢው ከሚደናገር እኔ ልድከም አሉ። የቋንቋ ጨዋነት ማለት ይህ አይደለምን?

ከሁሉ የከፋው ጥፋት ደግሞ በሰዋስው ሚዛን ሲመዘን ምንም ጉድለት የለበትም። ‹‹ችግሩን ለመቅረፍ ጥረት እየተደረገ ይገኛል።›› ፊደሉ ተጠብቋል፤ ነጠላና ብዙው ተስማምቷል። የጎደለው ሰው ብቻ ነው። ማን ነው የሚጥረው? ካልቀረፈ ማን ይጠየቃል? እ.ኤ.አ. በ1946 ጆርጅ ኦርዌል ‹‹ፖለቲካና የእንግሊዝኛ ቋንቋ›› በተባለ መጣጥፉ፣ የመንደር ድብደባ ‹‹ማረጋጋት›› ተብሎ እንዴት እንደሚጻፍ አሳይቶ ነበር። የእኛ ደግሞ ወደ ታች መፍሰሱ ያሳዝናል። ስለ በሬውና ስለ ማሳው ቢተውት ቅኔ የሚመስል አማርኛ የሚናገር ገበሬ፣ ካሜራ ሲቀርበው ‹‹ከተሰጠኝ የግንዛቤ ማስጨበጫ በኋላ ተጠቃሚ መሆን ችያለሁ›› ይላል። ያረሰው እርሱ፣ የዘራው እርሱ፤ በገዛ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ግን ተደራጊ ሆኖ ቀረ። ጋዜጠኛውም ‹‹ጥሩ ተናገረ›› ብሎ ያሰማዋል። ‹‹ኸቤት›› ቢል ኖሮ ግን ይቆርጥበት ነበር!

‹‹ትንሹን ስሕተት ካሳለፍን ትልቁ ይከተላል›› የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት አለው። ‹‹ሕፃናቶች›› የሚለው ማንንም ባይጎዳም የግድየለሽነት ምልክት ሊሆን ይችላልና፣ ቋንቋ እንጀራው የሆነ ሰው ሊታረም ይገባዋል። አናጢ የጣውላውን ልክ እንዲያውቅ እንጠብቅ የለም? ነገር ግን እርማት አቅጣጫ አለው። ማይክራፎኑን ወደ ያዘው፣ ብዕሩን ወደ ጨበጠው፣ መግለጫውን ወደ ሰጠው ሲሄድ አገልግሎት ነው። ያው እርማት የሰዋስው መጽሐፍ ወዳልደረሰው ሰው ሲወርድ ማላገጥ ይሆናል። እኛ ብዙውን ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ በመንገደኛው አነጋገር እንሥቃለን፣ አድራጊ በሌለው መግለጫ ግን ራስ እንነቀንቃለን።

‹‹ሕዝቡ ይሰማል›› ብለን ብንጽፍ ፊደሉ አንድ ነው። ላልቶ ሲነበብ ሕዝቡ አድማጭ ነው፤ የተባለውን ይቀበላል። ጠብቆ ሲነበብ ሕዝቡ የሚደመጥ ነው፤ ቃሉ ቦታ አለው። የመገናኛ ብዙኃን አማርኛ ከሁለቱ የትኛውን እያነበበልን እንደሆነ ለማወቅ የሰዋስው ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በሚቀጥለው ዜና ማን አደረገ፣ ማን ተደረገበት ብሎ መጠየቅ ይበቃል።