የመምህርን ቃል መመርመር ድፍረት ነውን?

ባለፈው የውይይት ጊዜያችን «መምህር የተናገረውን መልሶ መመርመር አለማመን አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ሳንስማማ ተለያየን። ጥያቄውን በአንድ ቁጥር ልንመለከተው አሰብን። 67 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ነው፤ ይኸውም 147,573,952,589,676,412,927።

በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት መሆኑን ተምረናል። የ19 ዓመቱ ንዑስ ቀመርና የ28 ዓመቱ ዐውደ ፀሐይ ተባዝተው የሚሰጡት ነው። 532 እንዲህ ይከፋፈላል፤ 19 ግን ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ አይካፈልም። እንዲህ ያለው ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ያ ባለ 21 አኃዝ ቁጥርስ ከየትኛው ወገን ነው?

ማሪን መርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ ከብቸኞቹ ጋር ቆጠረው። የሚገርመው ግን፣ 15 ወይም 20 አኃዝ ያለው ቁጥር ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ለመፈተን ዘመን ሁሉ እንደማይበቃ ራሱ ጽፎአል። መፈተን አይቻልም ያለውን እንደ ተፈተነ አድርጎ ተናገረ ማለት ነው። ቃሉም ከ230 ዓመት በላይ ቆየ።

በ1876 ኤድዋርድ ሉካ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን አሳየ፤ አካፋዮቹን ግን አላገኘም። አካፋይ ሳይገኝ ይካፈላል ማለት እንዴት ይቻላል? እንዲህ ያለ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ የግድ የሚያልፈው ፈተና አለ፤ ይህ ወደቀ። ጭስ ሲወጣ ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ ይታወቃል፤ ማን እንደሆነ ግን ጭሱ አይናገርም።

በ1903 በኒውዮርክ በተደረገው የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ፍራንክ ኔልሰን ኮል የተባለው መምህር አካፋዮቹን አቀረበ። አንድ ቃል ሳይናገር በሰሌዳው ላይ 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዝቶ ያንኑ ቁጥር አግኝቶ ወደ ወንበሩ ተመለሰ ይባላል። ምን ያህል ጊዜ እንደ ፈጀበት ቢጠየቅ የሦስት ዓመት እሑዶችን እንደ ወሰደበት መለሰ ተብሎም ይተረካል። (እሑዱን በዚህ ማሳለፉን ለዛሬ እንለፈው።)

እኛም ሦስት ሆነን በወረቀት አባዛነው። መጀመሪያ ያገኘነው አልገጠመም። አንዱ ወንድማችን «ኮልም ተሳስቶአል!» እስከ ማለት ደርሶ ነበር። መልሰን ስናየው ግን በእጃችን የያዝነውን 1 ሳንደምር ቀርተን ኖሮአል። በሁለተኛው ጊዜ ገጠመ። ሌላ ሰው ለማረም የተቀመጥን እኛ የታረምነው እኛ ሆንን፤ በዚህም አልተቈጣንም፤ ይልቁንም ተሳሳቅን።

እርግጥ ሁሉ ነገር በማባዛት አይፈተንም፤ የሃይማኖት ምሥጢርም የሒሳብ ጥያቄ አይደለም። በውይይቱ መመርመርን የተቃወመው ወንድማችንም መምህሩን ለማሳፈር ብቻ የሚጠይቁትን አይቶ ነው፤ በዚህ እውነት አለው። ነገር ግን መርሴን ብቸኛ ነው ባለበት ቀንም ሁለቱ አካፋዮች በቁጥሩ ውስጥ ነበሩ። ሳይመረምሩ የተቀበሉት ሰዎች ለእርሱ ምን ጠቀሙት? የመረመሩትስ ምን አጐደሉበት? እንዲህ ያሉት ቁጥሮች ዛሬም የሚጠሩት በእርሱ ስም ነው።

ያባዛንባቸው ሁለት ወረቀቶች በክፍላችን ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ፤ ያልገጠመውንም አልቀደድነውም። መመርመር የሚወድ መጥቶ ይመልከት።