ስለ መስማትና ስለ ማዳመጥ

የሰው ልጅ የያዘውን ነገር ዋጋ የሚያውቀው ካጣው በኋላ ነው ይባላል። አባቶቻችንም «በእጅ ያለ ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» ሲሉ ይህንኑ ማመልከታቸው ነው። ነገር ግን ይህ ነገር የባሕርይ ድካም ብቻ ነውን? ወይስ የምንጠየቅበት ጥፋት ነው? ለዚህ ጥያቄ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ምስክር ሆኖ እናገኘዋለን።

ሰኔ 18 ቀን 1953 ዓ.ም. እሑድ ዕለት፣ በኒው ዮርክ ከተማ ቪሌጅ ቫንጋርድ በሚባለው ምድር ቤት የምሽት ክበብ፣ ቢል ኤቫንስ በፒያኖ፣ ስኮት ላፋሮ በደብል ባስ፣ ፖል ሞቲያን በከበሮ ሆነው ጃዝ ተጫወቱ። ከቀትር በኋላ ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሦስት ጊዜ የተጫወቱት በድምፅ መቅጃ ተቀዳ። በጃዝ ልማድ ባስ እንደ አሽከር ከኋላ ቆሞ ምት የሚጠብቅ መሣሪያ ነበር፤ በእነዚህ ሦስት ሰዎች ዘንድ ግን ከፒያኖው ጋር እንደ እኩያ ይነጋገር ነበር። ከ11 ቀን በኋላ፣ ሰኔ 29 ቀን፣ ላፋሮ በመኪና አደጋ በ25 ዓመቱ ሞተ። ኤቫንስም በኀዘን ተሰብሮ ለወራት ያህል ከሙዚቃው ራቀ። ከዚያ ቀን ሥራ ተመርጦ የወጣው የመጀመሪያው ሸክላ በላፋሮ ድርሰት ተጀምሮ በላፋሮ ድርሰት ይፈጸማል።

ሸክላውን ስናዳምጥ ግን ከዜማው ጋር ሌላ ድምፅ እንሰማለን፤ ይኸውም የብርጭቆ መጋጨትና የሰዎች ወሬ ነው። መቅጃው አላዳላምና የሚጫወቱትንም የሚያወሩትንም አንድ አድርጎ አስቀረ።

በእነዚያ ሰዎች ልንፈርድባቸው ይገባናልን? የምሽት ክበብ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚጠጣበትና የሚጫወትበት ቤት እንጂ የጸሎት ስፍራ አይደለም። የሚመጣውንም ሞት አላወቁም። እያንዳንዱን ሰዓት የመጨረሻ ነው ብሎ የሚኖር ሰው ቢኖር፣ ፍርሃት እንጂ ደስታ አያገኝም። ስለዚህ ባለማወቃቸው ልንወቅሳቸው አይገባም።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ዛሬ እኛ ሸክላውን በጸጥታ የምናዳምጠው ላፋሮ ስለ ሞተ ብቻ ከሆነ፣ ያከበርነው ሞቱን እንጂ ሥራውን አይደለም። «የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው» የተባለው ለዚህ ነው። ዜማው በሰኔ 18 ቀን የነበረው ዜማ ነው፤ ሞት አንዲት ድምፅ እንኳ አልጨመረበትም። እንግዲህ ማዳመጥ የሚገባን ሰውየው ነገ ስለሚሞት ሳይሆን፣ ዛሬ በፊታችን የሚቻለውን ሁሉ ስለሚሠራ ነው።

ሦስቱ ሙዚቀኞች ግን ወሬውን ሰበብ አድርገው ሥራቸውን አላቃለሉም። ከአዳራሹ ጸጥታ ቢያጡ እርስ በርሳቸው ይደማመጡ ነበር። የዚያም ቀን ሥራ የጸናው በዚህ ይመስለናል።

ባለ ጉዳይ በፊቱ ቆሞ ሳለ በወረቀቱ ላይ ያቀረቀረ ሹም፣ የተማሪውን ጥያቄ ሳያስጨርስ የሚመልስ መምህር፣ መምህሩ ሲናገር የሚያወራ ተማሪ፣ ሁላችንም በዚያ ምድር ቤት ተቀምጠን ብርጭቆ የምናጋጭ ነን። ልዩነቱ የእኛን ድምፅ የቀዳ መሣሪያ አለመኖሩ ብቻ ነው። መስማት የጆሮ ነው፤ ማዳመጥ ግን ለሰው የሚከፈል ዕዳ ነውና ባለ ዕዳው በሕይወት ሳለን፣ ባለ መብቱም በሕይወት ሳለ ብንከፍለው ይሻላል።