የነጩ አጋዘን እናት

በሰሜን ዊስኮንሲን፣ ሐይቅና ጥድ በሚበዛበት አገር፣ አንድ አዳኝ ይኖር ነበር። በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ አሜሪካኖች የምስጋና ቀን ከሚሉት ሐሙስ በፊት ባለው ቅዳሜ የጠመንጃ አደን ሲከፈት፣ ገና ሳይነጋ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያውን ደርቦ ጫካ ይገባል፤ ዛፍ ላይ ከሠራው ማማ ወጥቶ ይቀመጣል። የሚፈቀደው ዘጠኝ ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት የሚጥለው አጋዘን የበረዶው ወራት ቀለቡ ነው፤ ልጆቹን ያበላበታል፣ ለጎረቤትም ያካፍላል።

አጋዘን ስል አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር ልበል። በአገራችን አጋዘን የምንለው፣ የባሌው የደጋ አጋዘን ጭምር፣ ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ የሚኖር እንስሳ ነው። ባለነጭ ጭራ የሚባለው የአሜሪካው አጋዘን ወንዱ ግን ቅርንጫፍ የሚያወጣ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፤ በየዓመቱም አዲስ ያበቅላል። የእሱ ወገን በእኛ ምድር አይገኝም። ቋንቋችን ግን አጋዘን ብሎ ተቀብሎታልና እኔም እንዲሁ እጠራዋለሁ። ቆዳው ቡናማ ነው፤ ሲደነግጥ ጭራውን ሽቅብ ያቆማል፣ ያን ጊዜ ከጭራው ሥር ያለው ነጭ ጠጉር ቦግ ብሎ ይታያል። ስሙንም ያገኘው ከዚህ ነው።

አንድ ኅዳር በረዶው ዘግይቶ ምድሩ ገና የደረቀ ቅጠል እንደለበሰ ነበር። አዳኙ ማማው ላይ ሆኖ ጎሕ ሲቀድ ከጥዶቹ መካከል ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ አየ። የርቀት መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ። ከአንዲት ቡናማ አጋዘን ጎን የዚያ ዓመት ግልገል ቆሟል፤ ከግንባሩ እስከ እግሩ ነጭ ነው። አፍንጫው እንደ ሕፃን ተረከዝ የቀላ፣ ዓይኑም ቀላ ያለ፤ ሰኮናው ጥቁረቱን ትቶ የቀንድ ማንኪያ ይመስላል። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ በዓይኑ ከሚያየው ይልቅ በጆሮው የሚያምን ይመስል ነበር።

ነጭ አጋዘን መግደል በዊስኮንሲን ሕግ ክልክል ነው። አዳኙ ግን ያን ጊዜ ሕጉ ትዝ አላለውም። ጠመንጃው ጭኑ ላይ እንዳለ ረስቶት ግልገሉ ከዓይኑ እስኪሰወር ትንፋሹን ይዞ ተመለከተ። ከማማው ሲወርድ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው የነጩ ጠባቂ ሆነ። ወንድ መሆኑን፣ በማግሥቱ ዓመት የመጀመሪያ ቀንዱን ማውጣቱን፣ ከየትኛው ረግረግ ውሃ እንደሚጠጣ አወቀ። በገበያም በቤተ ክርስቲያንም ወሬው እሱ ነው። ሌሊት የመኪና መብራት ጫካው ጫፍ ላይ ሲቆም ባየ ቁጥር ከአልጋው ተነሥቶ ይሄዳል። ልጆቹ በሥዕል ደብተራቸው ነጭ አጋዘን ሲሥሉ ቀለም አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ዙሪያውን ብቻ በቡናማ ይቀቡታል።

በሦስተኛው ዓመት ኅዳር ሴት አጋዘን የመጣል ፈቃድ ነበረው። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ብቻዋን መጥታ ከማማው ሥር ቆመች። ቡናማ ናት። ቃታውን ሳበ፤ አንድ ጥይት በቃት።

ጎተራው ውስጥ ሰቅሎ ቆዳዋን ሲገፍፍ ግራ ጆሮዋ ከጫፉ እስከ መሐሉ ለሁለት የተቀደደ መሆኑን አየ። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። የቆየ ቁስል ነው፤ ከዳነም በኋላ ጠርዙ ላይ ጠጉር በቅሎበታል። ምን ነክቷት ይሆን ብሎ ሐሳቡን ሳይጨርስ ቢላዋውን አነሳ። ሥጋዋ ደህና አድርጎ አከረማቸው።

በተከታዩ ዓመት፣ የካቲት ላይ፣ ነጩ በመኪና ተገጭቶ ሞተ። መንገዱ በረዶ፣ ዳርቻው በረዶ፣ እንስሳው በረዶ፤ ሾፌሩ ያየው ከገጨው በኋላ ነው።

አዳኙ ሐዘኑን የሚያዋየው ሰው አጥቶ ጫካው ጫፍ ላይ ወደምትኖር አንዲት አሮጊት ዘንድ ሄደ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ የማድ ቤቷ መስኮት ወደ ጫካው ነው የሚያየው።

«እማማ፣ ነጩ ሞተ።»

«ሰምቻለሁ ልጄ። ግባ፣ ብርድ ነው።»

ቡና ቀዳችለት። ሳይጠጣው ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ።

«ይህ ጫካ ከእንግዲህ ምን ቀረው?» አለ። «ባዶ ነው።»

ሴትዮዋ ትንሽ ዝም ብላ፣ «እናቱን ታውቃት ነበር?» አለችው።

«የማንን?»

«የነጩን።»

አላወቃትም። ነጩ እናት ይኖረዋል ብሎም አስቦ አያውቅም። ከጉም የወጣ ነበር የሚመስለው።

«የመጀመሪያው ቀን ስታየው ብቻውን ነበር?»

አዳኙ ዓይኑን ጨፍኖ ያንን ማለዳ ሊያስታውስ ሞከረ። አፍንጫው መጣለት፤ ሰኮናው መጣለት። «አንዲት ቡናማ ነገር ነበረች መሰለኝ» አለ።

«አዎ፣ ቡናማ ናት። ስድስት ዓመት ከዚህ መስኮት አይቻታለሁ። መጀመሪያ መንታ ወለደች፣ ሁለቱም ቡናማ። በዓመቱ አንድ ነጭ መጣ፤ ሳምንት ሳይሞላው ድብ በላው። እሷ ሁለት ቀን እዚያች ሣር ላይ ትመላለስ ነበር፤ እዚህ ቆሜ ዕቃ እያጠብኩ ነው ያየኋት። ከዚያ ደግሞ ቡናማ ወለደች። ከዚያ ያንተን ነጭ። ዓይኑ ደካማ ስለነበር ከጭራዋ አይለይም። በረዶው ሲከምር በደረቷ እየቀደደች ትሄዳለች፣ እሱ በከፈተችው መንገድ ይከተላታል።» ቡናዋን ፉት አለች። «ግራ ጆሮዋ የተቀደደ ነበር።»

ሲኒው አዳኙ እጅ ላይ ተንቀጠቀጠ።

«ግራ ጆሮዋ?»

«ግራ ጆሮዋ።»

«እማማ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት።»

«ገምቻለሁ። ያን ኅዳር ነው የቀረችው።»

«ተቀየሙኝ?»

«በምን ልቀየምህ? ባሌም አዳኝ ነበር፤ ሥጋውን በልቼ ነው የኖርኩት። ፈቃድ ነበረህ፤ አላሠቃየሃትም፤ ሥጋዋም አልተጣለም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው ልጄ። ለነጩ ሌሊት ከአልጋህ ትነሣ ነበር። እሷ ግን ከሥርህ ቆማ እንኳ አላየሃትም።»

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ፣ «ሴት ልጆቿ እዚሁ አሉ» አለችው። «ቡናማ ናቸው።»

በተከታዩ ኅዳር አዳኙ እንደ ወትሮው ማማው ላይ ወጣ። በስድስተኛው ቀን አንድ ጎረምሳ ወንድ ጣለ፤ ቤቱ ቀለብ ያስፈልገዋልና። ከመተኮሱ በፊት ግን ብዙ አየው። በመጨረሻው ቀን አመሻሽ ላይ አንዲት ቡናማ ሴት ሁለት ቡናማ ግልገሎች አስከትላ መጣች። አዳኙ መነጽሩን አንሥቶ ያያቸው ጀመር። የእናቲቱ አፍንጫ ዙሪያ ሽበት ጀምሮታል። አንደኛው ግልገል የኋላ እግሩን ይቆጥባል። ሌላኛው ቅጠል በበላ ቁጥር እናቱን ቀና ብሎ ያያል። ከሦስቱ የትኛው ነጩን በደሙ እንደያዘ፣ ወይም አንዳቸውም እንዳልያዙ፣ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እጁ እስኪደነዝዝ አያቸው። ድንገት አንድ ቅርንጫፍ ተሰበረ፤ ሦስቱም ጭራቸውን አቁመው ሮጡ፤ በጨለመው ጥድ መካከል ሦስት ነጭ ነገር ቦግ ቦግ እያለ ራቀ።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። አዳኙንና አሮጊቷን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ የአጋዘኖቹ ደም ግን እውነተኛ ነው። እንዲህ ያለው ነጭነት ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ የማይገለጥ ዘረመል ነው። ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሰ አጋዘን ከሌላው ቡናማ በምንም አይለይም፤ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት ይኖራል፣ ለልጁም ያስተላልፋል። ሁለት እንዲህ ያሉ ቡናማዎች ሲገናኙ የሚወለደው ግልገል ነጭ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ነጩን የሚወልዱት ቡናማዎች ናቸው።

በኒውዮርክ ግዛት፣ በሴኔካና በካዩጋ ሐይቆች መካከል፣ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1941 የጥይት ግምጃ ቤት ሠርቶ ዙሪያውን 24 ማይል፣ ማለትም 39 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም አጥር ከለለው። ውስጥ የነበሩት አጋዘኖች እዚያው ተዘግተው ቀሩ። ከዓመታት በኋላ ከመካከላቸው ነጮች ብቅ ሲሉ አዛዡ እንዳይነኩ አዘዘ፤ ቡናማዎቹን ማደን ግን ቀጠለ። የሴኔካዎቹ ዓይን እንደ ማንኛውም አጋዘን ቡናማ ነው፤ ነጭ የሆነው ጠጉራቸው ብቻ ነው። ቁጥራቸው ከ200 የበለጠበት ጊዜ ነበር፤ ሰዎችም ከሩቅ እየመጡ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያዩዋቸው ነበር። ነጩን መጠበቁ ነጩን አብዝቶታል፣ ይህን አልክድም፤ አዛዡም መልካም አድርጓል እላለሁ። መጀመሪያ በአጥሩ ውስጥ ተዘግቶ ያንን ነጭ በደሙ ያቆየው ግን ማንም ሊያየው ያልመጣ ቡናማ መንጋ ነው።

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የምርቃት ድግስ ላይ ነበርኩ። ከድንኳኑ መግቢያ የተመራቂው ፎቶግራፍ ያለበት ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፤ ጋዋኑን ለብሶ፣ በሁለት እጁ ወረቀቱን ይዞ። ዳቦው ተቆረሰ፣ አጎትየው ተነሥተው መረቁ፤ «የቤታችን ብርሃን» አሉት፤ ይገባዋል፣ ጎበዝ ልጅ ነው። እኔ ከተቀመጥኩበት አጠገብ አንዲት ዘመድ ስልክ ከፍ አድርጋ ይዛ ነበር። በኢሞ የምታየው ቤይሩት ያለችው ታላቅ እህቱ ናት። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ነው የሄደችው፤ የትምህርት ቤቱ ክፍያ፣ የድንኳኑ ኪራይና ባነሩም ከእሷ ደመወዝ ነው የወጣው። ምስሉ እየቆመ ይሄዳል፤ ፊቷ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይደበዝዛል። «እሱን አሳዩኝ» ትላለች። ስልኩ ወደ እሱ ዞረ፤ እሷም እዚያው ስልኩ ውስጥ ቀረች። በምርቃቱ ስሟ አልተነሣም። እኔም ብሆን ቤቷ ተጋብዤ፣ ከገንዘቧ በልቼ፣ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ሳልላት ነው የወጣሁት። ይህን የምጽፈው ይህ ስለከነከነኝ ነው።

ነጩን አትውደዱት የሚል ምክር የለኝም። ነጩን ስታዩ መነጽሩን ትንሽ ወደ ጎን አዙሩት ነው የምለው። ከተመራቂው ጀርባ ትምህርቷን የተወች እህት ወይም ከብት ሲጠብቅ የቀረ ወንድም አለ። ያሳደገች አክስትም ትኖር ይሆናል፤ ልጁ ስም ካወጣ በኋላ የማን ልጅ ነው ሲባል ሌላ ሰው የሚጠራባት። እነዚህ ሰዎች ስለ እነርሱ እንዲወራ አይጠይቁም። «እሱን አሳዩኝ» ነው የሚሉት። ስለዚህ ጠያቂው ሌላው መሆን አለበት፤ እነርሱ ሳይሄዱ፣ ጆሯቸው የተቀደደበትን ምክንያት መናገር ሳያቅታቸው።

አንባቢዬ፣ በአንተም በአንቺም ቤት እንዲህ ያለች ሰው ካለች ዛሬ ማታ ይደወልላት። ስለ ልጁ ወሬ ይቆይ፤ ስለ ራሷ ትጠየቅ፤ ምን እንደበላች፣ ወገቧ እንደተሻላት፣ መቼ እንደምትመጣ። የሰው ቤት ሥራ የምትሠራ ከሆነች እጇ ነጻ የሚሆነው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። በክረምት የቤይሩትና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው።